«ለምን ተበተኑ?» ብለው ለጠየቁኝ አባቴ

ይድረስ ለተከበሩ ውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከነቤተሰቤ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ባለፈው እሑድ በስልክ ስንነጋገር ከወጣትነትዎ ጀምሮ ያስቀመጡትን፣ ክሪም የተባለውን የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ሸክላ አንስተው፣ «እነዚህ ሦስት ልጆች እንዲህ እየተጫወቱ ሁለት ዓመት ብቻ ቆይተው ለምን ተበተኑ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። የሰጠሁዎት መልስ ችኩል ስለነበረ፣ ዕድሜውን ድራም ሲመታ ለኖረ ሰው በሚገባው መጠን ልጽፍልዎ ወደድሁ። ዘመኖቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

ጠቡ ባንዱን ይቀድማል። ድራመሩ ጂንጀር ቤከርና ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጃክ ብሩስ ቀደም ሲል በግራሃም ቦንድ ባንድ ውስጥ አብረው ሲሠሩ መድረክ ላይ ሳይቀር ይደባደቡ ነበር፤ በመጨረሻም ነገሩ ቢላዋ እስከ መምዘዝ ደርሶ ብሩስ ከባንዱ ወጣ። በ1966 ግን ቤከር አዲስ ባንድ ለማቋቋም አስቦ ጊታሪስቱን ኤሪክ ክላፕተንን ሲጠይቀው፣ ክላፕተን ቤዙን ብሩስ ከያዘው ብቻ እንደሚገባ ነገረው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ቂም አላወቀም ነበር። ክላፕተን በዚያን ጊዜ ያርድበርድስ ከተባለው ባንድ ወጥቶ ከብሉዝ ሙዚቀኛው ከጆን ሜዮል ጋር ይጫወት ስለነበር ስሙ ገንኖ፣ በለንደን ግድግዳ ላይ «ክላፕተን አምላክ ነው» ተብሎ እስከ መጻፍ ደርሷል። (ይህን ሲያነቡ እንደሚያማትቡ አውቃለሁ።) ቤከርም እንዲህ ያለ ሰው እንዲያመልጠው ስላልፈለገ ወደ ብሩስ ቤት ሄዶ ታረቀ። ለራሳቸው ያወጡት ስም «ክሪም»፣ በእኛ ቋንቋ የወተት ስልባቦት እንደማለት ሲሆን፣ በእንግሊዝ ካሉት ብሉዝና ጃዝ ተጫዋቾች ከላይ የሰፈፍነው እኛ ነን ማለታቸው ነበር። ትሕትና የለበትም፤ ውሸትም የለበትም።

በሐምሌ ወር መጨረሻ 1966 በማንቸስተር አንድ ክለብ ውስጥ፣ ከዚያም ከሁለት ቀን በኋላ በዊንዘር ፌስቲቫል ላይ ተጫወቱ። ሦስት ሰው ብቻ በመሆናቸው አንዱ ሲሠራ ሌላው ዝም ብሎ የሚያጅብበት ክፍተት አልነበረም። ብሩስ ቤዙን ዜማውን እንደሚመራው ሊድ ጊታር ያስኬደዋል፤ ቤከር ደግሞ የጃዝ ሰው ነበርና በሁለት የእግር ድራም ሁለቱንም እግሮቹን እንደ እጆቹ ያሠራቸዋል። የአፍሪካን ከበሮ እንዲያዳምጥ መንገድ ያሳየው ፊል ሲመን የተባለ እንግሊዛዊ የጃዝ ድራመር ነበር። እርስዎ «ይህ ሰው የፈረንጅ እጅ የለውም» ይሉ የነበረው ለካስ ያለ ምክንያት አልነበረም።

እርስዎ ዘንድ ያለው ሸክላ «ዲዝሬሊ ጊርስ» የተባለው፣ በግንቦት 1967 በኒው ዮርክ አትላንቲክ ስቱዲዮ በጥቂት ቀናት የተቀረጸውና በኅዳር የወጣው ነው። ክላፕተን ስለ ውድድር ብስክሌት ሲያወራ ዕቃ ጫኛቸው ስለ ማርሽ ሊናገር ፈልጎ የማርሹን ስም ከቀድሞው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ከዲዝሬሊ ስም ጋር ቢያደባልቀው፣ ሁሉም ስቀው የአልበሙ ስም አደረጉት። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ከዜማዎቹ ብዙዎቹን ብሩስ ከገጣሚው ፒት ብራውን ጋር ይደርስ ስለነበረ የድርሰቱ ገንዘብ ወደ እነርሱ ይሄድ ነበር፤ ቤከርም ድራሙ ዜማውን ሠርቶ ሳለ ስሜ አልተጻፈም እያለ እስኪሞት ድረስ ሲያማርር ኖሯል። በዚህ ነገር እኔ ለቤከር አደላለሁ፤ እርስዎም ሳያደሉ አይቀሩም።

ያፈረሳቸው ግን ገንዘቡ ብቻ አይመስለኝም። ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሳን ፍራንሲስኮው ፊልሞር አዳራሽ ሲጫወቱ ሕዝቡ ረጅም ጨዋታን እንደሚወድ ስላዩ፣ አንዱን ዜማ ከሩብ ሰዓት በላይ ያስረዝሙት ጀመር፤ በ1968 በወጣው «ዊልስ ኦፍ ፋየር» ላይ የቤከር የድራም ሶሎ ያለበት «ቶድ» ከ16 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። አምፕሊፋየሩ በጨመረ ቁጥር ሁሉም ከሌላው በላይ ለመሰማት ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር። ክላፕተን ራሱ እንደተናገረው፣ አንድ ቀን መድረክ ላይ ጊታሩን መምታት ሙሉ በሙሉ ቢያቆም ሁለቱ ምንም ሳያስተውሉ መጫወታቸውን ቀጠሉ። አባባ፣ ለጥያቄዎ ያለኝ መልስ ይኸው ነው፤ የሚያስደንቅ ጆሮ ያላቸው ሦስት ሰዎች መደማመጥ አቆሙ። በዚያው ዓመት አንድ መጽሔት ክላፕተንን የተለመደውን ብሉዝ ይደጋግማል ብሎ ቢነቅፈው ቅስሙን ሰበረው፤ «ዘ ባንድ» የተባሉት ሙዚቀኞች ያወጡት ቁጥብ አልበም ደግሞ ልቡን ወደ ሌላ ወሰደው። ኅዳር 26 ቀን 1968 በለንደኑ ሮያል አልበርት ሆል ሁለት ጊዜ ተጫውተው ተሰናበቱ።

ከዚያ ክላፕተንና ቤከር «ብላይንድ ፌዝ» የተባለ ባንድ መሠረቱ፤ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ቤከር መኪናውን ይዞ ሰሃራን አቋርጦ ናይጄሪያ፣ ሌጎስ ወረደና ስቱዲዮ ከፍቶ ከናይጄሪያዊው ሙዚቀኛ ከፌላ ኩቲ ጋር ተጫወተ።

በግንቦት 2005 ሦስቱ በዚያው በሮያል አልበርት ሆል ለአራት ሌሊት እንደገና ተገናኙ። ቤከር 65፣ ብሩስ 61፣ ክላፕተን 60 ዓመታቸው ነበር፤ ብሩስ ጉበት ከተቀየረለት ገና ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ቤከር የመገጣጠሚያ ሕመም ነበረበት። ድምፁን ቀንሰው ስለተጫወቱ አንዱ የሌላውን ይሰማል። በጥቅምት ኒው ዮርክ ላይ ሲደግሙት ግን የቤከርና የብሩስ ጠብ ተመልሶ መጣ፤ ከዚያ በኋላ አብረው አልተጫወቱም። ብሩስ በ2014፣ ቤከር በ2019 አረፉ።

የ2005ቱን ኮንሰርት ቅጂ ወደ አዲስ አበባ ከሚመጣ ሰው ጋር እልክልዎታለሁ። «ቶድ» ሲደርስ ዓይንዎን ጨፍነው ያዳምጡትና የቤከር እጅ ከሸክላው ይልቅ ከብዶ እንደሆነ ወይም እኔ ብቻ መስሎኝ እንደሆነ፣ እሑድ ስደውል ይንገሩኝ።

አክባሪ ልጅዎ፣
ከለንደን