ስለ አባባ ቆርቆሮ

ሆደ ሰፊዋ እህቴ፣

እባክሽ ሳታነቢ አትጣዪው። «እንደምን አለሽ፣ እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደኅና ነኝ» የሚለውን የእናቶቻችንን መግቢያ ልጽፍ ጀምሬ እጄ እምቢ አለኝ። አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ አሁን ናፍቆት ብል ማን ያምነኛል? ለአባባ ቀብር አልደረስኩም፤ ለአርባቸውም አልመጣሁም። ምክንያት አለኝ፣ ግን አይረባም፤ ፊት ለፊት ስንገናኝ እንደ ልብሽ ትሰድቢኛለሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ስድቡን ለዚያን ጊዜ አቆዪውና ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጉዳዬ ቆርቆሮው ነው።

ያቺን ዝገት የበላት ትንሽ የፊልም ቆርቆሮ ማለቴ ነው። «ባዶ ፊልም ከሆነ ጣዪው» ስትዪኝ «አይቼዋለሁ፣ ባዶ ነው፣ ቆርቆሮው ግን ይጠቅመኛል» ብዬ የወሰድኳት። ዋሽቼሽ ነበር። ያየሁት የመጀመሪያውን አንድ ክንድ ብቻ ነው፤ እንደ መስታወት ጠርቶ ስላገኘሁት መልሼ ከደንኩት። ከዚያ በላስቲክ ላይ ላስቲክ ደርቤ፣ አፉን በገመድ አስሬ፣ አልጋዬ ሥር ከተትኩት።

ባለፈው ሳምንት ጣሪያው ሲያፈስብኝ ከአልጋ ሥር ያለውን ፊልም ሁሉ አወጣሁ። ያንቺን ላስቲክ ስፈታው አቼቶ ሸተተኝ። መጀመሪያ ሰላጣው የተደፋ መስሎኝ ወደ ኩሽና ሄድኩ፤ ስመለስ ሽታው የቆርቆሮው ሆኖ አገኘሁት። ነገሩን አንቺም ሳታውቂው አትቀሪም፤ አሲቴት ፊልም ሲያረጅ የአቼቶውን አሲድ ራሱ ያወጣል፣ አሲዱ መውጫ ካጣ ደግሞ ተመልሶ ፊልሙን ይበላዋል። እኔ ለጥንቃቄ ብዬ አፍኜው ከርሜያለሁ። ለነገሩ አንቺ ዘንድ ድሬዳዋ ቢቀመጥ ሙቀቱ ቀድሞ ይጨርሰው ነበር። ይህን የምለው ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም። እሺ፣ ለማቅለል ነው።

ፕሮጀክተሩ ላይ አልጫንኩትም። የመስኮት መስታወት በሁለት ወንበር መሐል አጋድሜ፣ ከሥሩ የእጅ ባትሪ አብርቼ፣ የጥጥ ጓንት አጥልቄ በሰዓት ሠሪ መነጽር አየሁት። መጀመሪያው እውነትም ባዶ ነው። ከዚያ ምን አለ መሰለሽ? ሰባ ደረጃ!

እኔ በየቀኑ ዳቦ ይዤ እያለከለክሁ የምወጣው ሰባ ደረጃ፣ በጥቁርና ነጭ። ነጠላዋን ያጣፋች ሴት ዘንቢል አንጠልጥላ ትወርዳለች። በያንዳንዱ ምስል ዘንቢሉ የፀጉር ክር ታህል ይወዛወዛል። አንድ ባዶ እግሩን የሆነ ልጅ ወደ ካሜራው ዞሮ ምላሱን አውጥቷል። ከምስሉ ግርጌ ደግሞ፣ ከታችኛው ደረጃ ላይ፣ የሰው ጥላ ተዘርግቷል። ክርኖቹን ወደ ውጭ አውጥቶ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ደግኗል። ባርኔጣ አድርጓል፤ ባርኔጣው ዘመም ብሏል።

አባባ ናቸው። ሌላ ማን ይሆናል? ዕድሜ ልካቸውን የሌላ ሰው ፊልም ሲያጫውቱ የኖሩ ሰው ካሜራ ጨብጠው እንደሚያውቁ ላንቺ ነግረውሽ ነበር? እኔ አንድ ቀን እንኳን አልሰማሁም። ፊልም ስጭን አጠገቤ ቆመው «ከመብራቱ በላይና በታች ጣት የሚያስገባ ቀለበት ተዪለት፣ ከወጠርሽው ይበጠስብሻል» እያሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ግን ትንፍሽ አላሉም።

ጭንቀቴ እዚህ ላይ ነው። ጥቅሉ 30 ሜትር ነው፤ 4000 ያህል ምስል። በሴኮንድ 16 ምስል ቢሄድ አራት ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ኔጋቲቭ የለውም፤ ካሜራው ውስጥ የገባው ፊልም ራሱ ነው ታጥቦ የወጣው፣ ሌላ ቅጂ የለም ማለት ነው። ከአዲስ ፊልም ጎን ዘርግቼ መቶ መቶ ምስል ብቆጥር የአባባ አንድ ምስል ሊያጥር ትንሽ ነው የቀረው። አንድ በመቶ ሊኮማተር ተቃርቧል። ከዚያ ካለፈ ቀዳዳው ከማሽኑ ጥርስ ጋር አይገጥምም፤ እየቀደደው ይሄዳል። ዛሬ ምናልባት አንድ ጊዜ ያልፍ ይሆናል። ለከርሞ ክረምት እንጃ።

በማሽኑ እንዳልተማመን ደግሞ ግንቦት ላይ ጉድ ሆኜአለሁ። የሠፈሩ ልጆች ቤቴን ሰይጣን ቤት እያሉ ይጠሩታል፤ በምኒልክ ዘመን ለመጀመሪያው ሲኒማ የወጣውን ስም ከየት እንደሰሙት አላውቅም። በ2016 ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ ወዲህ ተመልካቼ ተበትኖ የቀሩት ስድስት ናቸው። ለእነሱ ያን የምታውቂውን የህንድ ፊልም አንሶላዬ ላይ አሳየሁ። ሰማያዊው ቀለም ሞቶ ቀዩ ብቻ ስለቀረ ሰዉም ዛፉም ሰማዩም ቀይ ሥር መስሏል፤ ልጆቹ ፍርፍር ብለው ሳቁ። መሐል ላይ ኃይሉ ወረደና ሞተሩ ቆመ፣ አምፖሉ ግን በራ። የዘፋኟ ጉንጭ ላይ ቡናማ ነጥብ ታየ፣ ሰፋ፣ እንደ ወተት ስልባቦት ተሸበሸበና ተቦተረፈ። ልጆቹ የፊልሙ አካል መስሏቸው አጨበጨቡ። እኔ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም። የተቃጠለውን ቆርጬ ቀጥዬዋለሁ፤ አሁን ዘፋኟ ከወንዝ ዳር ዘላ ሠርጓ ላይ ትገኛለች።

የአባባ ጥላ እንዲህ ቢሆን ምን ብዬ ዓይንሽን አያለሁ?

ስለዚህ ምስሎቹን አንድ በአንድ በስልኬ ማንሳት ጀምሬያለሁ። ትናንት ማታ 212 ላይ ደርሻለሁ፤ አንገቴ ደርቋል። በኮምፒውተር ሲቀጣጠሉ ይንቀሳቀሳሉ፣ ግን እንደ ሰካራም ይንገዳገዳሉ፣ ያ የማሽኑ ድምፅም የለም። አንቺም እኔም የምንፈልገው እንዲህ አይደለም። አንሶላው ላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንቺ ባለሽበት ማየት እፈልጋለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ሐሙስ ማታ ብቻዬን ላየው ብዬ ማሽኑን አውጥቼ፣ አምፖሉን አብርቼ፣ ቆርቆሮውን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ አጠፋሁት። ያንቺ ነው እኮ። ይጫን ካልሽ ይጫናል፣ አይነካ ካልሽም አይነካም፤ 4000ውንም ፎቶ አነሳዋለሁ፤ አንገቴ ይሰበር።

አሁን ከላስቲኩ አውጥቼ፣ ሽታው ሌሎቹን እንዳይበክል ለይቼ፣ ልብስ ሳጥኑ ላይ ክዳኑን ገርበብ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። ቀሚሶቼ ሁሉ አቼቶ አቼቶ ይላሉ። ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ ሁለት ጊዜ ዞር ብለው አይተውኛል።

ክረምቱ ወጥቶ አየሩ ሲደርቅ፣ ለመስቀል ብትመጪ ጥሩ ነበር። አልጋ አለ። የአውቶቡስሽን እኔ እከፍላለሁ፤ ይህን ስል እንዳትቆጪ። መምጣቱ ቢከብድሽ እንኳን አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ፣ በአንድ መስመርም ቢሆን። እኔ ሳስታውሳቸው አባባ ባርኔጣቸውን ወደ ግራ ነበር የሚያዘነብሉት። ጥላው ላይ ያለው ወደ ቀኝ ነው። ፊልሙን ገልብጬ ይዤው ይሆን፣ ወይስ እኔ ነኝ የረሳሁት?

ያንቺው፣
የሰባ ደረጃዋ