የዛገች ስፖርት መኪና ከመግዛት በፊት ከሥሯ መመልከት ይገባል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በየጊዜው አንድ ዓይነት ዜና ይወጣል። ለአሥርት ዓመታት ጎተራ ውስጥ ተረስታ የቆየች ስፖርት መኪና ተገኘች፣ አቧራዋ ሳይራገፍ ጨረታ ላይ ሚሊዮኖች አወጣች ይባላል። አንባቢው ከዜናው የሚይዘው «የጥንት መኪና ከሆነች ብትዝግም ዋጋ አላት» የሚለውን ነው። በዚህ እምነት ብዙ ሰው የማይጠገን ብረት ተሸክሞ ቤቱ ይገባል። ሌላው ደግሞ ላይዋ ስለቀላ ብቻ ደህናይቱን መኪና ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ይሰጣል። ሁለቱም የሚሳሳቱት ዝገቱን በብዛቱ ስለሚመዝኑት ነው። ዋጋዋን የሚወስኑት ግን ዝገቱ ያረፈበት ቦታ፣ የጎደለው ዕቃና የሻንሲው፣ ማለትም የመኪናይቱ መሠረት የሆነው ተሸካሚ ብረት፣ ቁጥር ናቸው።

በዜና የሰማናቸው ጨረታዎች ራሳቸው ይህንኑ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፓሪስ ላይ ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ያወጣችው ፌራሪ 250 ጂቲ ካሊፎርኒያ ስፓይደር በምዕራብ ፈረንሳይ አንድ እርሻ ላይ ከተገኙ በርካታ መኪኖች አንዷ ነበረች። አቧራ ለብሳ ነበር እንጂ አካሏ ሙሉ ነበር። ክፍት ዳስ ሥር ዝናብና እርጥበት ሲፈራረቅባቸው የኖሩት ጎረቤቶቿ ግን በስብሰው ነበር፤ የብዙዎቹ ዋጋ ከእሷ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ተቃጥሎ የተጨማደደ የ1954 ፌራሪ 500 ሞንዲያል ቅሪት በ1.875 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ገዢው ያን ያህል የከፈለው ለብረቱ አይደለም። የከፈለው በጥቂት ቁጥር ለተሠራችው ለዚያች መኪና ማንነት፣ ማለትም ለሻንሲ ቁጥሯ ነው። አብዛኛው ገዢ ፊት የምትቆመው መኪና ግን ከእነዚህ አንዷም አይደለችም። በሺዎችና በመቶ ሺዎች ተመርታ፣ ዛሬ አንድ ጥግ ላይ የቆመች ናት።

እንዲህ ያለችውን መኪና ሲመረምር ሰው በተለምዶ ኮፋኖዋን ከፍቶ ሞተሯን ያያል። መጀመር ያለበት ግን ከበሩ ደፍ ነው። ከበሩ ሥር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚዘረጋው ሆደ ባዶ ብረት ብዙ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ላሜራዎች ተበይዶ የተሠራ ነው። ሻንሲና ቦዲ ተለይተው ባልተሠሩባቸው መኪኖች፣ በተለይም ጣሪያ በሌላቸው፣ መኪናይቱን እንዳትታጠፍ የሚይዛት እሱ ነው። የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹ በጭቃ ሲደፈኑ ውኃው ሆዱ ውስጥ ይተኛል፤ ዝገቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ስለዚህ ቀለሙ ላይ የጥፍር ያህል እብጠት ሲታይ ከውስጥ የተበላው የመዳፍ ያህል ሊሆን ይችላል። ዝገት ከብረቱ ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ተደራርበው የተበየዱትን ላሜራዎች ገፍቶ ያላቅቃቸዋል። መጋጠሚያው እንደ ትራስ አብጦ ከታየ በመቦረሽና በመቀባት አይድንም፤ ተቆርጦ መለወጥ አለበት።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ መስታወት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት፣ ካቻቢቴ፣ ሜትርና ክሪክ ይበቃሉ። ማግኔቱ ደፉ ላይ፣ የጎማዎቹ ቅስት ላይና የበሮቹ ታችኛ ጠርዝ ላይ ቀስ እየተባለ ይጎተታል። የመያዝ ኃይሉ ድንገት ከላላ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ ማለት ነው። የቀለም ውፍረት መለኪያ ከተገኘ የተሻለ ነው። የፋብሪካ ቀለም ብረት ላይ በአብዛኛው ከ80 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ይነበባል። ከ300 በላይ ካነበበ እንደገና ተቀብቷል፤ ወደ 1,000 ከተጠጋ ወይም ካለፈ የሚለካው ስቱኮ ነው። ከዚያ የካቻቢቴውን እጀታ ይዞ በጫፉ ከሥር መታ መታ እያደረጉ መጫን ነው። ጤነኛ ብረት ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል፣ ጫፉም ይሰምጣል። ባለቤቱ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ዋጋው የበሰበሰ ደፍ እንዳላት መኪና ይቆጠር።

ቀጥሎ ያለው ፈተና ከሁሉ ይበልጣል ባይ ነኝ። በሩ ተዘግቶ ዙሪያው ያለው ክፍተት በሜትር ይለካል፤ በብዙ መኪኖች ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ገደማ፣ ከላይ እስከ ታች የተመጣጠነ መሆን አለበት። ከዚያ ክሪኩ በፋብሪካው መነሻ ቦታ ገብቶ የአንዱ ጎን ክብደት በከፊል እስኪነሣ ድረስ ይሞከራል። አሁን በሩ ይከፈትና ይዘጋ። ክፍተቱ ከጠበበ፣ ወይም በሩ ቋሚውን ብረት እየፋቀ አልዘጋም ካለ፣ ደፉ ሥራውን መሥራት አቁሟል። ክሪኩ መኪናይቱን ሳያነሣ ብረቱን እየቀደደ ወደ ውስጥ ከገባማ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። በዚህ ጊዜ ማንም ከሥሯ መግባት የለበትም። በሩ ያዘነበለው በማጠፊያው ምክንያት ይሁን በቦዲው ለመለየት ደግሞ በሩን ከፍቶ ጫፉን ወደ ላይ ማንሣት ነው። ከተላወሰ የማጠፊያው ፒን ተበልቷል፣ ይህ ቀላል ነው። ካልተላወሰ ግን የጎበጠችው መኪናይቱ ራሷ ናት።

ሥሯ በአዲስ ጥቁር ሬንጅ መሰል ቅብ ተሸፍኖ ከቀረበ ጥርጣሬው ይጨምር። ቅቡ ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው በዝገት ላይ የተለጠፈ ላሜራ ነው። የበሰበሰውን ሳይቆርጡ ከላዩ አዲስ ላሜራ መበየድ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፦ ቀጣዩ በያጅ ልጥፉን ያነሣል፣ ከሥሩ የሰፋውን ጉድጓድም ይሞላል። የአውራ ጣት ስፋት ያህል በቢላ ተፍቆ የብየዳው መስመር ይታይ።

እያንዳንዷ መኪና የምትሞትበት የራሷ ቦታ አላት። ዳትሰን 240ዜድ ላይ መጀመሪያ የሚታየው የባትሪው መቀመጫ ነው፤ የሚንጠባጠበው አሲድ መቀመጫውን በልቶ ከሥሩ ወዳለው ተሸካሚ ብረት ይወርዳል። ጃጓር ኢ-ታይፕ ሞተሯን የሚሸከሙት ስስ አራት ማዕዘን ቱቦዎች ናቸው፤ ከውስጥ ሲዝጉ ከውጭ ደህና ይመስላሉ፣ ሲበላሹም ይለወጣሉ እንጂ ልጥፍ አይለጠፍባቸውም። ፖርሽ 911 ቦዲዋ በዚንክ የተሸፈነው ከ1976 ሞዴል ጀምሮ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠራችው በወለሉ ግራና ቀኝ ያሉት ተሸካሚ ብረቶችና የኋላ ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ባሌስትራ የሚሠራው ዘንግ) የሚገባበት አካባቢ በጥንቃቄ ይታይላት። ብዙ ሰው የሚታለለው ግን ከ1963 እስከ 1967 በተሠራችው ኮርቬት ነው። ላይዋ ፋይበር ግላስ ስለሆነ አትዝግም ይባላል። ከፋይበር ግላሱ ውስጥ ግን የፊት መስታወቱንና በሮቹን የሚይዝ የብረት አጽም አለ፤ እሱም ሆነ ሻንሲው ይዝጋሉ። የመስታወቱ ታችኛ ማዕዘኖችና ከእግር ማሳረፊያው ጎን ያለው ሽፋን ተነሥቶ ማየት ያስፈልጋል። ኦስቲን ሂሊን በመሳሰሉት ላይ ደግሞ አሉሚኒየም ከብረት ጋር በተገናኘበት ሁሉ እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል። ነጩን ዱቄት እንደ አቧራ ጠርጎ ማለፍ ስህተት ነው።

በአንጻሩ ኮፋኖ፣ በር፣ ፓራፋንጎና ፖርቶባጋሊዮ ምንም ያህል ቢቀሉ በብሎን የሚፈቱ ዕቃዎች ናቸው፤ ተተኪ ላሜራ የሚመረትላቸው ከሆነ ዋጋቸው አስቀድሞ ይታወቃል። ኤምጂቢ የተባለችው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ነገር ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ1988 ጀምሮ ሙሉ አዲስ ቦዲ ስለሚመረትላት የዝገቷ ዋጋ ጣሪያ አለው፤ ከአዲሱ ቦዲና ከመገጣጠሚያው ወጪ አያልፍም። ላሜራዋ የማይመረትላት ብርቅዬ መኪና ግን እያንዳንዱ ቁራጭ በእጅ ተቀጥቅጦ ይሠራላታል። ብርቅነት ያለቀችውን መኪና ያስወድዳል፤ ያላለቀችውን መኪና ወጪም እንዲሁ።

ሞተር ላይ ብዙ አልቆይም፤ ምክንያቱም የሞተር ወጪ ከቦዲ ወጪ ይልቅ ለመገመት ይቀላል። ለዓመታት የቆመ ሞተር በሞተሪኖ አይሞከርም። ካንዴላዎቹ ወጥተው በየሲሊንደሩ ዘልቆ የሚገባ ዘይት ይጨመራል፣ ጥቂት ቀናት ይጠበቃል፣ ከዚያ በፑሌጃው (ቺንጋውን በሚያዞረው መንኮራኩር) ብሎን በቁልፍ በእጅ ይዞራል። አልንቀሳቀስ ካለ ሙሉ እድሳት ተብሎ ይሰላ። የሚዞርና የሚነሣ ከሆነ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ ነዳጅ መስጫው እስከ ጥግ ተረግጦ ኮምፕሬሽኑ (በየሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው የአየር ግፊት) ይለካል። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 እስከ 15 በመቶ ማለፍ የለበትም። ዝቅ ባለው ሲሊንደር አንድ ማንኪያ ዘይት ሲጨመር ንባቡ ከፍ ካለ ችግሩ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት)፣ ካልተለወጠ ቫልቩ ወይም ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) ነው። ዘይቱ ወተት መስሎ ከወጣ ውኃ ገብቶበታል፤ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛ ክዳን) ጓርኒሲዮን ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ ይጠረጠር።

የጎደለ ዕቃ ከተበላሸ ዕቃ ይከፋል። የተሰነጠቀ መብራት ቢያንስ ምን እንደሚፈለግ ያሳያል፤ የሌለ መብራት ግን ወራት የሚፈጅ ፍለጋ ነው። መስታወቶች፣ የክሩስኮቱ ጌጆች፣ የኒኬል ጌጦች፣ የጣሪያው አጽም፣ ካርቡራተሮቹና የአየር ማጣሪያው ቤት አንድ በአንድ ይቆጠሩ። ከዚንክ ቅልቅል የተፈሰሱ የበር እጀታዎችና አርማዎች ፊታቸው ከተቦረቦረ እንደገና በኒኬል ማስለበሱ በጣም አድካሚ ነው። ተፈታትታ በካርቶን የቀረበች መኪና ሙሉ ሆና ከቆመችው እጅግ ርካሽ መሆን አለባት፤ የየትኛው ብሎን ቦታ የት እንደሆነ የሚያውቀው የፈታት ሰው ብቻ ነውና።

የሻንሲውን ቁጥር በተመለከተ፣ 17 ፊደልና አኃዝ ያለው ቁጥር የተለመደው ከ1981 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ አጻጻፍ ነበረው። ስለዚህ በሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር፣ በሪቬት የተያዘው ሰሌዳ፣ የሞተሩ ቁጥርና የባለቤትነት ወረቀቱ ጎን ለጎን ይነበቡ። በቁጥሩ ዙሪያ የግራይንደር ጭረት፣ የብየዳ ጠርዝ፣ ጥልቀታቸው የተለያየ አኃዞች ወይም አዲስ ሪቬት ከታየ ፋብሪካው ወይም የሞዴሉ ማኅበር መዝገብ ካለው እዚያ ተጠይቆ እስኪጣራ ድረስ ቀብድ አይከፈል። የፋብሪካ ሞተሯን ይዛ የቆየች መኪና ከተለወጠባት እህቷ ጎላ ባለ ዋጋ ትሸጣለች።

ይህ ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ ሒሳቡ ከኋላ ወደ ፊት ይሠራ። መነሻው ያችው ሞዴል በጥሩ ይዞታ ያለቀችው በእርግጥ የተሸጠችበት ዋጋ ነው፤ ሻጮች የሚጠሩት ዋጋ መነሻ አይሆንም። እሱን 100 እንበለው። ቦዲና ቀለም 45፣ ሞተርና ካምቢዮ 20፣ ወንበርና ኒኬል 20፣ የጎደለ ዕቃ 10 ቢፈጁ ድምሩ 95 ነው። ላሜራው ሲገለጥ የማይታሰብ ነገር ስለሚገኝ ሩብ ያህል መጠባበቂያ ሲጨመር 119 ይሆናል። ይህች መኪና በነጻ ብትሰጥ እንኳ ለእድሳት ኪሳራ ናት፤ ዋጋዋ ተፈታ ልትሸጥ የምትችለው ዕቃ ነው። ያው ሥራ የተገመተላት፣ ቁጥሯ የሚገጥምና ብርቅ የሆነች ሞዴል ስታልቅ 180 የምታወጣ ከሆነ ግን እስከ 61 ይከፈልባታል። የሙሉ እድሳት የሰው ጉልበት በቀላሉ ከ1,000 ሰዓት ስለሚያልፍ፣ የሰዓት ግምት ሳይኖር የተነገረ የእድሳት ዋጋ መታመን የለበትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ደፏ ጤነኛ፣ ቀለሟ የፋብሪካ፣ ዝገቷ ላይ ላዩን ብቻ የሆነች መኪና ከተገኘች ወደ አሸዋ ማስረጫ አይቸኮል። አሸዋ ሰፊና ስስ ላሜራ ላይ በኃይል ሲረጭ ያወላግደዋል፤ አንዴ የተገፈፈ የፋብሪካ ቀለምም አይመለስም። ዛሬ እንዲህ ሳትነካ የቆየችውን ከታደሰችው አስበልጠው የሚገዙ ሰብሳቢዎች አሉ። መጀመሪያ በማይታይ ቦታ የመዳፍ ያህል ታጥባና ተወልውላ ትሞከር፤ ከሥሩ የሚወጣው ቀለም ዋጋዋን ሊለውጠው ይችላል።

የዝግጅት ክፍሉን የምለምነው፣ እንዲህ ዓይነት የጨረታ ዜና ስታወጡ ከዋጋው ቀጥሎ ሦስት ነገር እንድትጨምሩ ነው፦ የሻንሲና የሞተር ቁጥሯ ይገጥም እንደሆነ፣ ብረቷ የተበላው የቱ ጋ እንደሆነ፣ ምን ምን ዕቃ እንደጎደላት። ፎቶ ከተገኘ ደግሞ ከፊቷ ይልቅ የሥሯ ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ