የኩማሞቶ ካብ

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? ቤተሰቡስ? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። ዝምታዬ እንደረዘመ አውቃለሁ፤ ይቅር በለኝ። «ከተማው ከመሬት መንቀጥቀጡ አገገመ ወይ?» ብለህ የጠየቅኸኝን ግን አልረሳሁም።

የጃፓኗን ከተማ ኩማሞቶን ሚያዝያ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ማታ መጠኑ 6.5 የሆነ መንቀጥቀጥ መታት። ዋናው አለፈ ተብሎ ብዙ ሰው ቤቱ ሲገባ፣ በ28ኛው ሰዓት 7.3 ደገማት። ቤት ፈርሶባቸውና መሬት ተንዶባቸው የሞቱት 50 ናቸው፤ ከዚያ በኋላ በመጠለያና በመኪና ውስጥ እያደሩ በሕመምና በድካም ያለፉት ግን ከ200 ይበልጣሉ። ይሄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

በቧንቧ ወደየቤቱ የሚመጣው የማብሰያ ጋዝ በሁለት ሳምንት ተመለሰ። የጋዙ ቆጣሪ ምድር ስትናወጥ በራሱ ይዘጋል። ለመክፈት ምድጃውንና የውኃ ማሞቂያውን በሙሉ ታጠፋለህ፣ የቁልፏን ክዳን አውልቀህ ጠበቅ አድርገህ ትጫናታለህ፣ ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል 3 ደቂቃ ያህል ጋዝ ሳትነካ ትጠብቃለህ። ቆጣሪው ያን ጊዜ የሚያፈስ ነገር መኖሩን ይፈትሻል፤ መብራቷ ከጠፋች ደህና ነው። አልጠፋ ካለች ወይ ቧንቧው ያፈሳል፣ ወይ ሳይዘጋ የተረሳ ምድጃ አለ። ይህ ግን የመንገዱ ቧንቧ ጤነኛ ሲሆን ነው። እዚያ ወደ 100,000 ቤት ስለተቋረጠ ሠራተኞች በየደጁ ዞረው መጀመሪያ ሁሉንም ዘጉ፣ ቧንቧውን በየሰፈሩ ፈተሹ፣ ከዚያ እንደገና ዞረው ቤት ለቤት ከፈቱ። ከተማው የሚጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ብቻ በመሆኑ ደግሞ የደፈረሱት ጉድጓዶች እስኪጠሩ መጠበቅ ግድ ሆነ።

አንተን የሚገርምህ ግን የኩማሞቶ ግንብ ነው። የጎንደሩ በኖራ የተያያዘ ነው፤ ይህኛው የአገሩ ገዥ ካቶ ኪዮማሳ ከ400 ዓመት በፊት ያሠራው ደረቅ ካብ ነው። ፊት ለፊት ትልልቅ ድንጋይ፣ ከኋላው ውኃ የሚያሳልፍ ኮረት። ምድር ስትነቃነቅ ኮረቱ ወደ ታች ይሰምጥና ፊተኛውን ድንጋይ ይገፋዋል፤ ካቡ ሆድ ያወጣል፣ ከዚያ ይናዳል። አንዱ ማማ በማዕዘኑ ባለ አንድ ረድፍ ድንጋይ ብቻ ተደግፎ ቀርቶ ነበር፤ በብረት ክንድ አቅፈው ያዙት፣ በኋላም እንጨቱን ፈተው አወረዱት።

ከካቡ 30 በመቶ ገደማው ተጎድቷል። እንደገና የሚካበው ድንጋይ ከ70,000 እስከ 100,000 ይገመታል። እያንዳንዱ ፎቶ ይነሣል፣ ይለካል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ሜዳ ላይ በረድፍ ይቀመጣል። ከዚያ ከመንቀጥቀጡ በፊት የተነሡ ፎቶዎች ላይ ፊቱን እየፈለጉ የቀድሞ ቦታውን ያገኙለታል። ደረቅ ካብ ውስጥ አንዱ ድንጋይ ያለቦታው ከገባ ጎረቤቶቹም አይገጥሙም። የተሰነጠቀው ከተቻለ በማጣበቂያ ይጠገናል፤ ካልሆነ አዲስ ይጠረብለታል።

የግንቡ ዋና ሕንፃ በፈረንጆቹ በ1960 በኮንክሪት የተሠራ ስለነበር በ2021 ለጎብኚ ተከፈተ። ሌላው ሥራ በ2037 ያልቃል ተብሎ ነበር፤ አሁን ወደ 2052 ተገፍቷል፣ ሁሉም በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። መዘግየቱ አያስከፋኝም፤ ቢቸኩሉ ነበር የሚከፋኝ። እስከዚያው ሰው ከመሬት 6 ሜትር ከፍ ባለ 350 ሜትር መንገድ ላይ እየሄደ የፈረሰውንም የሚካበውንም ከላይ ያያል።

እስቲ አንተም ጻፍልኝ፤ እናንተ ጋ ግንበኞቹ ድንጋይ ሲያወርዱ ምን ምልክት ያደርጉበታል?

ናፋቂህ ወንድምህ