ጓዛችሁን ከመጠቅለላችሁ በፊት ስልካችሁን እዩ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን አዘውትሬ አነባለሁ፣ ደብዳቤ ስፅፍ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነውና ቢንዛዛባችሁ ቆርጣችሁ አውጡት፣ አልቀየምም። ባለፈው ስለ ፍሪላንስ ሰራተኞች ባወጣችሁት ገፅ ላይ አንዱ ፀሐፊ፣ ችሎታ ያለው ሰው ትልቅ ከተማ ብቻ ይግባ እንጂ ስራው ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል ይላል፣ ከስሩ ደግሞ ሌላኛው ኢንተርኔት እያለ ማን ከቤቱ ይነቃነቃል ባይ ነው። ሁለቱም ከልባቸው እንደፃፉት አልጠራጠርም፣ ግን ድምፅ ላይ ሰርተው እንደማያውቁ ያስታውቃል። እኔ ከትንሽ ከተማ ተነቅዬ ትልቅ ከተማ ከገባሁ 6 አመት ሊሞላኝ ነው፣ እንጀራዬም ድምፅ ነው፣ እና እንደኔ ለመነቀል እያሰቡ ያሉ ልጆች ያንን ገፅ አንብበው እንዳይሸወዱ ብዬ ነው ይሄን ሁሉ የምፅፈው።

መጀመሪያ ነገር የድምፅ ስራ የሚባለው አንድ ስራ አይደለም። የተቀዳ ንግግር ተልኮልህ የምታፀዳ፣ ፖድካስት የምታስተካክል፣ ሙዚቃ ማስተር የምታደርግ (ያለቀውን ዘፈን ለመውጣት የመጨረሻ ማስተካከያ የምትሰራለት) ከሆነ ፋይሉ በኢንተርኔት ይመጣል በኢንተርኔት ይሄዳል፣ ደንበኛህ የት ቁጭ ብለህ እንደሰራኸው ጉዳዩ አይደለም፣ ለዚህ አይነቱ ሰው ከተማ መቀየር ብዙ ጊዜ ኪራይ መጨመር ብቻ ነው። ቀረፃ ላይ ቡም (ጫፉ ላይ ማይክ ያለበትን ረጅም ዘንግ) የምትይዝ፣ ኮንሰርት ላይ ሚክሰር ጋ የምትቆም ከሆነ ግን ሌላ ነው። ማታ 3 ሰዓት ተደውሎ "ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ሎኬሽን ትደርሳለህ?" ነው የምትባለው፣ አንተ "ትንሽ ራቅ ያለ ቦታ ነው የምኖረው ግን..." ማለት ስትጀምር እዛኛው ወገን ሌላ ስልክ እየፈለገ ነው። እኔ የሁለተኛው አይነት ስለሆንኩ መሄድ ነበረብኝ፣ በመሄዴም አልቆጨኝም። የሚቆጨኝ አካሄዴ ነው።

እንዴት ሄድኩ መሰላችሁ፣ 2 አመት ያጠራቀምኩትን በሙሉ እቃ ላይ አፈሰስኩት፣ ባለ 8 ቻናል መቅረጫ፣ ሁለት ሽቦ አልባ ማይክ፣ ጥሩ የቡም ማይክ፣ ምን የቀረ አለ። ከዛ የሰራኋቸውን ነገሮች 3 ደቂቃ ቪዲዮ አድርጌ ቆራረጥኩና እንደደረስኩ 40 ለሚሆኑ ፕሮዳክሽኖች በኢሜይል በተንኩት። የመለሱልኝ ሁለት ናቸው፣ አንዱ እናመሰግናለን አለ፣ ሌላው ካሜራም ይዘህ ትመጣለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ያኔ ተናድጄ ነበር፣ አሁን ሳስበው ግን ምን ያድርጉ? ካሜራ ማን 3 ደቂቃ ቪዲዮ ሲልክ ስራው ይታያል፣ የኔን ቪዲዮ የሚያይ ሰውም የሚያየው የካሜራ ማኑን ስራ ነው፣ ንግግሩ ጥርት ብሎ ከተሰማው ድምፅ የሰራ ሰው መኖሩም ትዝ አይለው፣ ያ ንግግር ጄኔሬተር አጠገብ ይቀዳ ፀጥ ያለ ክፍል ውስጥ ይቀዳ በምን ያውቃል። የድምፅ ሰው ጎበዝ ይሁን አይሁን የሚያውቀው አብሮት ሎኬሽን የዋለ ሰው ነው፣ የሚደውልለትም እሱ ነው። እኔ ደግሞ አብሮኝ የዋለ አንድ ሰው የሌለበት ከተማ ገብቼ 4 ወር ሙሉ ስልኬን ሳይ ከረምኩ።

የመጀመሪያው ስራ የመጣው አንድ ቡም ያዥ ታሞ ነው። ኬብል ላስጠግን የሄድኩበት ቦታ የተዋወቅኩት ሳውንድ ማን አለ፣ እሱ ነው ሌላ ሰው ሲያጣ የደወለው። በመጣሁበት ከተማ ሰው "ኢንጂነር" ነበር የሚለኝ፣ እዚህ ቡም መያዝና ኬብል መጠቅለል ሆነ ስራዬ፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከነከነኝ። ግን ኬብል መጠቅለሉ ራሱ ፈተና ነበር ለካ። ክንዱ ላይ እንደ ገመድ የሚጠመጥም ሰው ሲያዩ በቃ ተፈርዶበታል፣ ኬብሉ ውስጡ እየተጠማዘዘ ይበላሻላ። አንዱን ዙር ከላይ ቀጣዩን ወደ ውስጥ ገልብጠህ ስትጠቀልለው ነው በኋላ ስትወረውረው ሳይቋጠር ቀጥ ብሎ የሚዘረጋው። እኔ እንደዛ ስጠቀልል ሰውየው ከሩቅ ሲያየኝ ነበር፣ ምንም አላለም፣ ከምሳ በኋላ ግን ቡሙን ብቻ ሳይሆን ተዋንያኑ ልብስ ውስጥ የሚደበቁትን ትንንሽ ማይኮች እንድሰካ ሰጠኝ።

የዛን ቀን ቀረፃው አፓርታማ ውስጥ ኩሽና ነበር፣ ፍሪጁ ደግሞ እም... እያለ ያንጎራጉራል። ዳይሬክተሩ አይሰማውም፣ ጆሮ ስለለመደው ማንም አይሰማውም፣ ሄድፎን ያደረገ ሰው ብቻ ነው የሚሰማው፣ አንዱ ሾት ላይ ኖሮ አንዱ ላይ ከጠፋ ደግሞ ኤዲተሩ ሲቀጣጥለው ያብዳል። ከሶኬት ነቀልኩት። ስትነቅለው ግን ማታ መልሰህ መሰካት እንዳትረሳ የመኪና ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ታስቀምጣለህ፣ የድሮ የሙያው ዘዴ ነው፣ ቁልፉን ሳታወጣ ወደ ቤት መሄድ አትችልማ። እኔ መኪና የለኝም፣ ስለዚህ የሹፌሩን ቁልፍ ለምኜ አስቀመጥኩ፣ ለሹፌሩ ነግሬዋለሁ ለፕሮዳክሽን ማናጀሯ ግን አልነገርኳትም። ማታ እቃ ተጭኖ ሁሉም መኪናው ጋ ቆሞ ቁልፍ የለም! ሴትዮዋ ልትጮህ ስትል ሹፌሩ እየሳቀ ኩሽና ገብቶ ከአትክልቱ መሳቢያ ቁልፉን አወጣላት፣ እኔም ፍሪጁን ሰካሁ። ከ3 ሳምንት በኋላ ለሌላ ስራ ሰው ሲፈልጉ ስሜ ጠፍቷት "ያ የፍሪጁ ልጅ" ብላ ነው ያስፈለገችኝ። 40 ኢሜይል ያልሰራውን አንድ ቁልፍ ሰራው እላለሁ አንዳንዴ።

ትልቅ ከተማ የሚያስተምርህ ነገር አለ፣ እሱን አልክድም፣ ማንም ያልነገረኝን ስህተቶች እዚህ ነው የተነገርኩት። ለምሳሌ ሽቦ አልባ ማይክ። በፊት በነበርኩበት ከተማ አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ አድርጌ ለአመታት ነክቼው አላውቅም፣ እዚህ በመጀመሪያው የውጪ ቀረፃ ድምፁ ቅርጥፍጥፍ አለብኝ። ነገሩ እነዚህ ማይኮች ባብዛኛው የሚሰሩት የቴሌቪዥን ማሰራጫዎች ባሉበት የዩኤችኤፍ ሞገድ ላይ ነው፣ ትልቅ ከተማ ደግሞ ማሰራጫውም ብዙ፣ በየአዳራሹ ማይክ የከፈተ ሰውም ብዙ። ጠዋት ሎኬሽን ስትደርስ መቀበያውን ስካን አድርገህ ነፃ ቦታ ትፈልጋለህ፣ ከሰዓት አንዴ ትደግማለህ፣ ምክንያቱም ጠዋት ያልነበረ ሰው ከሰዓት ይከፍታል። ሁለት ማስተላለፊያ ሲቀራረቡ ደግሞ ሶስተኛ ሞገድ ይወልዳሉ፣ አንዱን 500 ሌላውን 501 ሜጋኸርዝ ላይ ካደረግክ 499 እና 502 ላይ ትርፍ ነገር ይፈጠራል፣ እኔ እኩል እኩል ላራርቃቸው ብዬ ሶስተኛውን 502 ላይ አድርጌ የደረሰብኝን ጭንቅ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሌላው የድምፅ መጠን ነው። ድሮ ማንም ስለማይጠይቀኝ ሚክስ ሳደርግ እስከቻልኩት አስጮኼ ነበር የምልከው፣ ሲጮህ ደስ ይላላ። እዚህ የመጀመሪያውን የቴሌቪዥን ስራ ሳስረክብ በማግስቱ ተመለሰ። የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ማህበር እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው አር 128 በሚባለው መመሪያ አማካይ መጠኑ ከዜሮ በታች 23 ላፍስ (የጩኸት መለኪያ ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይጮኻል) መሆን አለበት፣ የተነገረኝም እሱን ነበር፣ የኔው ከዜሮ በታች 14 አካባቢ ነበር፣ 9 ያህል ጮኾ። ዝቅ ላድርገውና ልላክ አልኩ፣ ዝቅ ሲል ግን ለማስጮህ ስል የጨፈለቅኩት ሁሉ ፍጥጥ ብሎ ወጣ፣ ሹክሹክታውም ጩኸቱም እኩል፣ ህይወት የለው። ሌሊቱን ሙሉ ከዜሮ ሰራሁት። ከዛ ወዲህ ስራ ስቀበል መጀመሪያ የምጠይቀው አሰጣጡ እንዴት ነው፣ ስንት ላፍስ፣ የፋይሉ የናሙና መጠን 48 ኪሎኸርዝ ነው ወይ፣ ንግግሩና ሙዚቃው ለየብቻ ይፈለጋል ወይ የሚለውን ነው። ይሄን ትንሽ ከተማ ቁጭ ብዬም ከኢንተርኔት ማንበብ እችል ነበር፣ ግን ማንም መልሶልኝ ስለማያውቅ ለምን አነባለሁ።

ቤት ስትከራዩም እባካችሁ ጆሮ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ መስኮቱ ደስ ብሎኝ መንገድ ዳር ተከራየሁና ግድግዳውን በስፖንጅ ሸፈንኩት፣ ስፖንጅ ግን ክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ይቀንስ ይሆናል እንጂ የከባድ መኪናን ጉርምርምታ አያስቆምም። የ100 ኸርዝ ድምፅ ሞገዱ 3 ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል፣ 5 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ለሱ ምኑ ነው። አሁን ቤት ሳይ ደላላው እያወራ እኔ መቅረጫዬን መሀል ወለል ላይ አስቀምጬ 10 ደቂቃ እቀዳለሁ፣ ደላሎች እብድ ነው የሚሉኝ ይመስለኛል፣ ይበሉኝ።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም፣ ሁለት ነገር ብቻ። የእቃ ኪራይና የጉልበት ዋጋ ለየብቻ ፃፉ፣ እኔ መጀመሪያ በአንድ ላይ ስለፃፍኩት ሰዎቹ ሲከራከሩ የሚቀንሱት ሁሌም የኔን ጉልበት ነበር። እና ቀኑ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ 10 ይሁን 12፣ በፅሁፍ ያዙ። ክፍያ ከ30 እስከ 60 ቀን መዘግየቱ የተለመደ ነው፣ አንድ ስሙን የማልጠራው ፕሮዳክሽን ግን 7 ወር አስቆጠረኝ፣ ሂሳብ ክፍላቸው ስደውል "አለቃችን መስክ ናቸው" ነው መልሱ፣ 7 ወር መስክ! ስለዚህ ቢያንስ የግማሽ አመት ወጪ ሳትይዙ አትምጡ፣ ለዚህ ደግሞ ግማሹን እቃ አለመግዛት ይበቃል፣ እቃ እዚህ ይከራያል። ላይቭ የምትሰሩ ልጆች የጆሮ መከላከያ ላይ ግን እንዳትሰስቱ። የአሜሪካው የስራ ደህንነትና ጤና ተቋም ናዮሽ እንደሚለው 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው ወሰኑ፣ 3 በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራችኋል፣ ኮንሰርት ደግሞ 15 ደቂቃ አያልቅም። ፍሪላንስ ጆሮው ሲደክም የሚተካው የለም።

እና ለሚጠይቁኝ ልጆች የምላቸው፣ ጓዝ ከመጠቅለላችሁ በፊት ስልካችሁን ክፈቱና እዛ ከተማ ውስጥ ሎኬሽን አብሯችሁ የዋለ ስንት ሰው እንዳለ ቁጠሩ። ሶስት አራት ካለ ሂዱ፣ ከመሄዳችሁ ከወር በፊትም ደውላችሁ ንገሯቸው። አንድም ከሌለ ሻንጣ ሳይሆን ትንሽ ቦርሳ ይዛችሁ ለ2 ሳምንት ሂዱ፣ የሰው ኬብል ጠቅልሉ፣ ቡም ያዙ፣ ተመለሱ፣ ደግሞ ሂዱ። የድሮ ደንበኞቻችሁንም "ልሄድ ነው፣ ቻው" ብላችሁ አትሰናበቷቸው። እኔ ኩራት ቢጤ ይዞኝ ተሰናብቼ ነበር፣ ከአመት በኋላ ደውዬ ታረቅኳቸው፣ ዛሬ ከስራዬ ሲሶው የሚመጣው በፋይል ከዛው ከድሮ ከተማዬ ነው፣ እዚህ ስራ በሚቀዘቅዝበት ሰሞን ኪራዬን የሚከፍለው እሱ ነው። እዚህ ገፃችሁ ላይ የፃፈው ሁለተኛው ሰውዬ ትንሽ እውነት አለው ማለት ነው፣ ለካ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ የድምፅ ሰራተኛው

ማስታወሻ፦ ፅሁፉ ላይ ያወጣችሁት ፎቶ ላይ ዘፋኟ አፏን አናቱ ላይ ደቅና የምትዘፍንበት ማይክ ፊቱ በጎን በኩል ነው፣ አናቱ ላይ አይደለም። ፎቶ አንሺውን አልወቅስም፣ ብዙ ቦታ አያለሁ ይሄን። ግን እንደዛ ከዘፈነች ድምፅዋ ራቅ ብሎ ታፍኖ ነው የሚቀዳው፣ ሲቻል በሌላ ቀይሩት።