አንዱን ሰርዢ አትበሉን

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አዘጋጅ፣

ከሁለት ወገን የተወለድን የወሎ ወጣቶች «ማንነታቸው ግራ ገብቷቸዋል» ሲባል እሰማለሁ። ኧረ ግራ አልገባንም!

አባቴ የባቲ ኦሮሞ፣ ሙስሊም ነው። እናቴ የአምባሰል አማራ፣ ክርስቲያን ናት። ደሴ ያለው ቤታችን ለዒድ ሁለት ድስት ይጣዳል፤ አንዱ ሙስሊም ያረደው፣ ሌላው ክርስቲያን የባረከው ሥጋ። አክስቶቼ ከነልጆቻቸው ይመጣሉ። ጭልፋው እንኳ ለየብቻ ነው፤ ማንም አያምታታውም፣ ማንም አይከፋውም። አያቴ ቡናው ላይ በኦሮምኛም በአማርኛም ትመርቀናለች። ባቲ ሰኞ ገበያ ብትወርዱ ደግሞ አፋርኛው ይጨመርበታል።

ሥራ ልቀጠር ስል ግን አንድ መሥሪያ ቤት «ብሔር» የሚል ቅጽ ሰጠኝ። ሁለቱንም ጻፍኩ። «አንዱን ሰርዢ» ተባልኩ። የአባቴን ነው የእናቴን? በጣም ነው የከፋኝ። እንደኔ ሃያዎቹ ውስጥ ያሉ ጓደኞቼም ይኸው ገጥሟቸዋል።

የፋይዳ መታወቂያ እንኳ ብሔር አይጠይቅም። ለሒሳብ ሠራተኛ ቅጥር ምን ያደርጋል? የግድ ከሆነም ሁለት መጻፍ ወይም ባዶ መተው ይፈቀድልን። እናንተም የሚመለከታቸውን ጠይቁና መልሳቸውን አትሙልን።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ