ፊልሙን ሊያዩ የመጡ እናት ደጅ ላይ ቀሩ

ለተከበሩ ኃላፊ፣

ስምዎን አልጽፍም። የመሥሪያ ቤትዎንም ስም አላነሳም። ጅማ ውስጥ እኛ የጠየቅነውን አዳራሽ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስኑት እርስዎ ስለሆኑ ደብዳቤው ለማን እንደተጻፈ ያውቁታል። ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄዎታለሁ። አምስት ጊዜ በአካል መጥቼ ደጅ ጠንቻለሁ። «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ደብዳቤሽ ፋይሉ ውስጥ የለም»፣ «ሰኞ ተመለሺ» ተብያለሁ። ሰኞም መጥቻለሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ ስላላችሁን ነው ዛሬ በአደባባይ የምጽፈው።

የጠየቅነው ትንሽ ነገር ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አዳራሹን ለሦስት ሰዓት ብቻ። የሳሌም መኩሪያን የመጀመሪያ ፊልሞች ለተማሪዎቼና ለወላጆቻቸው ለማሳየት።

ቢሮዎ ውስጥ መጀመሪያ የተጠየቅሁት «ማን ናት? ተዋናይ ናት እንዴ?» ተብዬ ነው። ባለማወቃቸው አልፈርድባቸውም። እኔም ተማሪ ሳለሁ ስለ ኢትዮጵያ ፊልም ሲወራ የምሰማው የኃይሌ ገሪማን ስም ብቻ ነበር። ያናደደኝ ሌላ ነው። ቁጭ ብዬ ካስረዳሁ በኋላ «ታዋቂ ሰው ያለበት ፊልም ብታመጪ ይሻላል» መባሌ ነው። እንግዲያው ለእነሱ የነገርኳቸውን ለእርስዎም ልንገርዎት።

ሳሌም አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ የኖረች ፊልም ሠሪ ናት። ፊልሞቿን የምትጽፈውም፣ የምታዘጋጀውም፣ ገንዘብ የምታፈላልግላቸውም ራሷ ናት። በዌልስሊ ኮሌጅም ለብዙ ዓመታት አስተምራለች። የሚያውቋት ሰዎች በአብዛኛው የሚያነሱላት በ1997 እ.ኤ.አ. የሠራችውን «የወንዝ ማዕበል» ነው። ስለ ኢትዮጵያ ተማሪዎች ትግልና ከዚያ በኋላ ስለመጣው ቀይ ሽብር፣ ጠፍቶ ስለቀረው ወንድሟና ስለተገደለችው የልብ ጓደኛዋ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሥራዋ ቬኒስ ቢዬናሌ በሚባለው የጣሊያን ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ ታይቷል። ይህንን የሚያወሳ ሰው አይጠፋም። ከዚያ በፊት የሠራችውን ግን የሚያነሳው የለም።

በ1988 እ.ኤ.አ. ማርታስ ቪንያርድ በምትባል የአሜሪካ ደሴት ላይ ስለሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ፊልም ሠራች። ቀጥላ በ1991 ስለ ዶሮቲ ዌስት ሠራች። ዶሮቲ ዌስት የመጀመሪያ ልብ ወለዷን በ1948 ያሳተመች ደራሲ ናት። ሁለተኛው የታተመው በ1995 ነው፣ ከ47 ዓመት በኋላ። ያኔ ዓለም እንደ አዲስ አወቃት። ሳሌም ካሜራዋን ይዛ የሄደችው ግን ከዚያ አራት ዓመት ቀድማ ነው። አሮጊቷን ደራሲ ብዙ ሰው ዞር ብሎ በማያያት ጊዜ ማለት ነው። ይህንን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዷ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ሳሌምንስ ማን ቀረጻት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በዚያው በ1991 ነው «ስደት»ን ያወጣችው። አንድ ሰዓት የሚሆን ዘጋቢ ፊልም ነው። ሱዳን ውስጥ በስደት ስለሚኖሩ ሦስት የኢትዮጵያና የኤርትራ ሴቶች። ያኔ ስደተኛ ሲባል በየቴሌቪዥኑ የሚታየው የድንኳን ሰልፍና የረሃብ ፊት ነበር። ሳሌም ሦስት ሴቶች መርጣ ኑሯቸውን ሥራዬ ብላ ተከታተለች። አማርኛ የሚገባት ሴት ከጀርባው ስትሆን ካሜራ ምን ያህል እንደሚለይ ማየት የፈለገ ይህንን ፊልም ይይ። ለእኔ ከኋለኞቹ ሥራዎቿ አያንስም። እንዲያውም የኋለኞቹ ዘር እዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

አሁን ጅማን ያስቡ። ከከተማችንና ከዙሪያዋ ወረዳዎች ስንት ሴት ልጅ አረብ አገር እንደሄደች እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። እኔ የማስተምርበት ክፍል ውስጥ እናቷን በስልክ ብቻ የምታውቅ ልጅ አለች። ቢሮዎ ውስጥ «ፊልሙ እኛን አይመለከትም» ያሉኝ ሰው ይህንን ያውቃሉ?

ቅዳሜውን ልንገርዎት። አዳራሹ በቃል ተፈቅዶልን ነበር። የማሳያ ክፍያውን ከመምህራንና ከወላጆች አዋጥተን ከፍለናል። የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ያለ ባለመብቱ ፈቃድ በአደባባይ ማሳየትን እንደሚከለክል ስለምናውቅ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ስንደርስ በሩ በሰንሰለት ታስሯል። ጥበቃው ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው አለን። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ሠርግ ሄዷል፣ ስልኩም አይነሳም። የእርስዎም አልተነሳም። ዝናቡ ጀመረ። ልጆቹ ፕሮጀክተሩን በፌስታል ጠቅልለው፣ አንዱ ጃኬቱን ደርቦበት፣ በረንዳው ላይ ቆሙ።

ከመጡት መካከል የአንዷ ተማሪዬ አያት ነበሩ። ከጅሬን በባጃጅ ነው የመጡት። ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ለበዓል እንደሚወጣ ሰው ነበር የለበሱት። በደርግ ጊዜ ባላቸውን ተከትለው ሱዳን ገብተው፣ ገዳሪፍ ሻይ እየሸጡ ሰባት ዓመት ኖረዋል። ልጅቷ ስለ ፊልሙ ስትነግራቸው አላመኑም ነበር። ደረጃው ላይ ካርቶን አንጥፈንላቸው ተቀመጡና ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ። «እኛንም ቁም ነገር ብሎ የቀረጸ ሰው ነበረ?» አዎ፣ ነበረ አልኳቸው። አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቁ። የነጠላቸው ጫፍ ጭቃ ነካው። ሊሄዱ ሲነሱ «ሲከፈት ጥሪኝ» አሉኝ። ሆዴን ቆረጠኝ። ዛሬም ሳስበው ይቆርጠኛል።

ሰኞ ቢሮዎ መጣሁ። ጸሐፊዋ «የተፈረመ ነገር የለም» አለች። ፈቃዱ በቃል የተሰጠው ለዚህ ነበር ማለት ነው፣ ለመካድ እንዲመች።

ሕገ መንግሥቱን እኔ ላስተምርዎት አልመጣሁም። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 ለሥነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ ማድረግን የመንግሥት ኃላፊነት ያደርገዋል። አዳራሹ የተሠራው በሕዝብ ገንዘብ ነው። ቁልፉ የሚገኘው በእርስዎ እጅ ነው። የሳሌም የመጀመሪያ ፊልሞች ደግሞ በአብዛኛው የሚገኙት የባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። እዚያ ያሉ ተማሪዎች አይተው ድርሰት ይጽፉባቸዋል። ገዳሪፍ ሻይ የሸጡት እናት ግን አላዩዋቸውም። እኔ ይህ ነው የማይዋጥልኝ።

የምፈልገው አንድ ቅዳሜ ነው። ማኅተም ያለበት፣ ቀኑና ሰዓቱ የተጻፈበት፣ ቁልፉን የሚከፍተው ሠራተኛ ማን እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ። የሦስቱ ማመልከቻዎቼ ቅጂ እኔ ጋር ስላለ መዝገብ ቤታችሁ ቢያጣቸው ችግር የለም፤ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይዤ እመጣለሁ። አያትየዋ አሁንም በልጅቷ በኩል መቼ ነው እያሉ ይልኩብኛል። የምነግራቸው ቀን ይስጡኝ።

ከጅማ፣ አንዲት መምህርት