ለቅዳሜ የስፖርት ቡድናችን አባላት፦ ስለ ክሪኬቱ ጥያቄ

ሰላም ጓደኞች፣

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ስንገናኝ «ህንድ ኤ ማለት ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ብርዱ በተነን እንጂ ወሬው ሞቆ ነበር።

በክሪኬት ኤ የሚባለው ከዋናው ብሔራዊ ቡድን ቀጥሎ ያለው ቡድን ነው። የእንግሊዙ ላየንስ ይባላል። ውጭ አገር የሚሄዱት በዋናነት ለዋንጫ አይደለም። የሰው አገር ሜዳና አየር እንዲለምዱ ነው። ትልልቆቹ በአምስት ቀን የሚጫወቱትን እነሱ በአራት ቀን ይጫወቱታል። (አዎ፣ አንድ ጨዋታ አራት ቀን! አረቄ ቤት እንኳ እንዲህ አያስቀምጥም።)

የህንዱን ተጫዋች ሹብማን ጊልን እዩት። በፈረንጆቹ 2019 ለህንድ ኤ ተሰልፎ በካሪቢያኗ ትሪኒዳድ ሲጫወት ገና 19 ዓመቱ ነበር። በዌስት ኢንዲስ (የካሪቢያን አገሮች የጋራ ቡድን) ኤ ላይ፣ ተጋጣሚው ሳያስወጣው 204 ሩጫ (ነጥብ) አስቆጠረ። በ2020 መጨረሻ ሜልቦርን ላይ ለዋናው ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያውን የአምስት ቀን ጨዋታ አደረገ፤ በ2025 የዚያው ቡድን አምበል ሆነ።

ለእኔ ነገሩ ከቻን (ከአፍሪካ አገሮች የእግር ኳስ ሻምፒዮና) ጋር ይቀራረባል፤ እዚያም የሚሰለፉት በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ብቻ ናቸው። ቻን ግን ዋንጫ አለው።

የፊታችን ቅዳሜ 10 ሰዓት እዚያው ነን። ጋቢ እንዳትረሱ።